የሠርግ ሳቅና የትዳር እውነት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

አዋሽ በግንጪ አቅራቢያ ካለው ደጋ ተነሥቶ፥ የቆቃን ግድብ አልፎ፥ በመተሐራና በአዋሽ ከተማ፥ በገዋኔና በዱብቲ በኩል ወርዶ፥ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ባሕር ሳይደርስ በምድረ በዳ የሚቀር ወንዝ ነው። በመጨረሻም ከአሳይታ በታች ገመሪና አፋምቦ የሚባሉትን ሐይቆች ሞልቶ፥ በጅቡቲ ወሰን ባለው በአቤ ሐይቅ ጉዞውን ይፈጽማል። የአዲስ አበባ ወንዞችም በአቃቂ በኩል ተሰብስበው ወደዚሁ አዋሽ ይገባሉና፥ በከተማው የታጠበው የልብስ እድፍ፥ ከፋብሪካው የወጣው ውሃ፥ ከመንገዱ የተጠረገው ሁሉ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ላይ ያለው ሲያጥብ ታች ያለው ይጠጣል።

ዛሬ ግን ከከተማ ወደ ቆላ የሚወርደው ውሃ ብቻ አይደለም። ወሬውም፥ ዘፈኑም፥ ተንቀሳቃሽ ሥዕሉም ይወርዳል። ለእርሱ ወንዝና ድልድይ አያስፈልገውም፤ በእጅ ስልክ ገብቶ፥ አንድ ሰዓት ሳይሞላው ከዓለም ዳርቻ አፋምቦ ይደርሳል። ስለዚህ መምህራን የሆን ሁላችን፥ ሕዝባችን የሚጠጣው ውሃ ከወዴት እንደ መጣና ምን እንደ ያዘ የመመርመር ግዴታ አለብን። የዛሬው ጽሑፋችን የተነሣውም ከዚህ ነው።

ለአገልግሎት ወደ አሳይታ ወርደን ሳለን፥ አንድ የምናውቀው መምህር ወደ አፋምቦ ወሰደን። ፀሐይዋ ጠልቃ ምድሩ ጥቂት ሲበርድ፥ ሰዎች ከሻይ ቤት ደጅ ወጥተው ተቀምጠው ነበር። ከደጋ የመጡ መምህራንና የጤና ሠራተኞች፥ የአገሩም ተወላጆች የሆኑ የአፋር ወጣቶች፥ ክርስቲያኑም እስላሙም በአንድነት ሆነው በአንዲት ላፕቶፕ ዙሪያ ተሰብስበው ፊልም ያዩ ነበር። ፊልሙ የከተማ ወዳጆችን ታሪክ የሚተርክ የፍቅር ኮሜዲ ነው። በአንድ ቤት ጓሮና ሳሎን አብረው የሚኖሩ ወዳጆች አሉ፤ ከመካከላቸው ሁለቱ ወንዶች እርስ በርሳቸው፥ ሁለቱ ሴቶችም እርስ በርሳቸው እንደ ባልና ሚስት ይኖራሉ። ከወንዶቹ አንዱ የመኖሪያ ፈቃድ ለማግኘትና ቤተሰቡን ደስ ለማሰኘት ሲል ከሴቶቹ አንዲቱን ሊያገባ ይስማማል። አያቱም ከኮርያ ትመጣለች፤ ሠርጉም ይደገሳል።

ያን ጊዜ ከተመልካቾቹ አንዱ ይሥቃል፤ ሌላው ተቈጥቶ «ይህን የተረገመ ነገር አጥፉልን» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ በፊልሙ ካለው ሰው ጋር ጓደኛውን እያመሳሰለ ይሳለቅበታል። በዳር ተቀምጠው የነበሩ አንድ የአፋር ሽማግሌ፥ ቋንቋውን ባይሰሙም ሠርግ መሆኑን አይተው «ምን ሆነው ነው የሚጣሉት?» ብለው ጠየቁ። ልጆቹም እያፈሩ ነገሩን በአጭሩ ነገሩዋቸው። ሽማግሌው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ሙሽራይቱስ ታውቃለችን?» አሉ። «አዎን፥ ታውቃለች» ቢሏቸው፥ «እንግዲያውስ በመካከላቸው የተደረገ ጨዋታ ነው። ባታውቅ ኖሮ ግን የሚያሥቅ አልነበረም» ብለው ተነሥተው ሄዱ።

እኛ መጻሕፍትን ስንመረምር ከኖርነው ይልቅ ሽማግሌው በአንድ ቃል የነገሩን ፍሬ አገኙት። በዚያም ምሽት፥ ሌሎቹ ሲሥቁ ካልሣቁት ወጣቶች አንዱ ወደ ማደሪያችን ሸኝቶን ሲመለስ፥ «አባታችን፥ ሰው ለወላጆቹ ደስታ ብሎ ብቻ ቢያገባ ኃጢአት ነውን?» ብሎ ጠየቀን። ማን እንደ ሆነ፥ ስለ ራሱም ይሁን ስለ ሌላ የጠየቀው፥ አንናገርም፤ እኛም አልጠየቅነውም። ጥያቄው ግን የብዙዎች ጥያቄ ነውና መልሱን ለሁሉ እንጽፈዋለን።

አስቀድመን ስለ ሳቅ ጥቂት እንበል። አባቶቻችን ተንቀሳቃሽ ሥዕል ወደ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ የመጀመሪያውን ማሳያ ቤት «ሰይጣን ቤት» ብለው እንደ ጠሩት የታወቀ ነው። በግድግዳ ላይ የሰው ጥላ ሲሮጥ ማየት በእርግጥ ያስደነግጥ ነበርና አንፈርድባቸውም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘመን አልፏል። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በአገራችን የመጀመሪያ የሆነውን ዘመናዊ ተውኔት ሲጽፉ «የአውሬዎች ኮመዲያ» ብለው የሰየሙት፥ ሳቅ የሹማምንትን ጥፋት ለመገሠጽ እንደሚጠቅም ስላወቁ ነው። በ1957 ዓ.ም. የወጣውም የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» ተብሎ መሰየሙን ልብ በሉ። ገና ከጅምሩ የአገራችን ፊልም የጠየቀው ጥያቄ በቤት ውስጥ ስለሚሸሸግ ነገር ነበር። ዛሬም በአዲስ አበባ ከሚሠሩት ፊልሞች ብዙዎቹ በወዳጆች፥ በእጮኞችና በቤተሰብ መካከል ስላለ መሸሸግና መገለጥ የሚናገሩ የፍቅር ኮሜዲዎች ናቸው።

ቤተ ክርስቲያንም ሳቅን ሁሉ አትጠላም። ጠቢቡ ሰሎሞን ለልቅሶ ጊዜ እንዳለው ሁሉ ለሳቅም ጊዜ እንዳለው አስተምሮናል። የአባታችን የይስሐቅ ስም ራሱ በዕብራይስጥ ከሳቅ የወጣ ነው፤ እናቱ ሣራ አስቀድማ ባለማመን ሣቀች፥ ልጁ ሲወለድ ግን በደስታ ሣቀች። እንግዲህ በአንዲት ሴት አፍ ሁለት ዓይነት ሳቅ ታየ ማለት ነው። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በ399 እ.ኤ.አ. በቍስጥንጥንያ ሰዎች ቤተ ክርስቲያንን ትተው ወደ ፈረስ እሽቅድምድምና ወደ ቲያትር በሮጡ ጊዜ በብርቱ ገሠጻቸው። የእርሱ ሐዘን ግን ስለ ሣቁ ብቻ አልነበረም፤ የሣቁበት ነገር በልባቸው ምን ትቶ እንደሚሄድ ስላወቀ ነው። ስለዚህ «ይህ ያሥቃል ወይስ አያሥቅም?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። «የተሣቀው በማን ነው? የሳቁንስ ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

እኛም ሳናውቅ እንዳንፈርድ ብለን፥ ያ በአፋምቦ የታየው ፊልም ከምን እንደ መጣ ጠይቀን ተረዳን። በ2025 እ.ኤ.አ. የተሠራ ነው፤ የታሪኩ ቦታም በአሜሪካ ያለችው የሲያትል ከተማ ናት። ነገር ግን ምንጩ ቀድሞ በ1993 እ.ኤ.አ. የታይዋን ተወላጅ የሆነው አንግ ሊ የሠራው «የሠርግ ግብዣ» የሚባለው ፊልም ነው፤ ይህም በዚያው ዓመት በበርሊን የፊልም በዓል የወርቅ ድብ የተባለውን ከፍተኛ ሽልማት ካገኙት አንዱ ነበር። ይህን የፊተኛውን አስፈልገን አየነው። ታሪኩንም ባጭሩ እንናገር፤ ለአገራችን ሰው ባዕድ የሚመስለው ከሩቅ ሲያዩት ብቻ ነውና።

በኒውዮርክ የሚኖር አንድ የታይዋን ሰው አለ፤ ከአንድ አሜሪካዊ ወንድ ጋር ተጣምሮ ይኖራል። ወላጆቹ ይህን አያውቁም። አባቱ የቀድሞ የጦር መኰንን ነው፤ የልጅ ልጅ ሳያይ እንዳይሞት ይመኛል። እናቱም ዘወትር «አግባ» እያለች ትወተውተዋለች። በመጨረሻም ልጁ ቤት ተከራይታው የምትኖር አንዲት ድኻ ሠዓሊት ሴትን ለይምሰል ሊያገባ ይስማማል። እርስዋ የመኖሪያ ወረቀት ታገኛለች፥ እርሱ ከውትወታ ያርፋል። ወላጆቹ ግን ከታይዋን ተነሥተው መጡ። በፍርድ ቤት በጥቂት ደቂቃ የተፈጸመው ጋብቻ እናቲቱን አስለቀሳት። ከዚያም የአባትየው የቀድሞ ወታደር የሆነ ባለ ምግብ ቤት «ለጌታዬ ልጅ እንዲህ አይሆንም» ብሎ ታላቅ ድግስ ደገሰ። ዘፈኑ፥ መጠጡ፥ የሙሽሮች ጨዋታው እስከ ሌሊት ሆነ። በዚያች ሌሊት በስካር ከሆነው ነገር የተነሣም ሙሽራይቱ ፀነሰች። ነገሩ ሁሉ ተቋጠረ።

አንባቢ ሆይ፥ እዚህ ላይ ቆም በል። ልጁን «አግባ» የምትል እናት፥ የልጅ ልጅ የሚመኝ ታማሚ አባት፥ ለጌታው ክብር ብሎ የሚደግስ ሎሌ፥ «ጎረቤት ምን ይላል» የሚል ፍርሃት፤ ይህ የታይዋን ነው ወይስ የጐጃም? የኒውዮርክ ነው ወይስ የደብረ ብርሃን? በፊልሙ መጨረሻ አካባቢ ያ ሽማግሌ አባት፥ አንድ ቃል አላወቀም ሲባል፥ ሁሉን አውቆ ዝም ብሎ እንደ ነበር ይገለጣል። ለልጁ ወዳጅም በቀይ ወረቀት የተጠቀለለ የገንዘብ ስጦታ ሰጥቶ፥ ለሚስቱና ለልጁ እንዳይናገር ያስምለዋል። እንግዲህ በዚያ ቤት ሁሉም ሁሉን ያታልላል፤ ሁሉም የሚያታልለው ሌላውን ላለማሳዘን ነው። ከዚያም ሁሉም ያዝናል። ሥራው ስለ ኃጢአት ሊሰብክ የተሠራ ባይሆንም፥ ስለ ሐሰት ሠርግ ግን እውነተኛ ነገር ተናግሯል።

በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣው «አራት ሠርግና አንድ ቀብር» የተባለው የእንግሊዞች ፊልምም እንዲሁ ነው። በሠርግ ሁሉ እየተገናኙ የሚቀላለዱ ወዳጆች አሉ፤ ከመካከላቸው ሁለቱ ወንዶች ምን ያህል ይተሳሰሩ እንደ ነበር ጓደኞቻቸው በትክክል ያስተዋሉት አንዱ ሞቶ ሁለተኛው በቀብሩ ላይ ሲናገር ነው። በአራቱም ሠርግ የሣቀው ተመልካች በቀብሩ ይተክዛል። የሌላውን ሰው ልብ የምናስተውለው ከቀብር በኋላ ከሆነ ግን ምን ይረባል?

አሁን ወደ ሽማግሌው ጥያቄ እንመለስ። በእነዚህ ፊልሞች ሠርጉ የሚያሥቀው ሙሽራይቱ ስለምታውቅ ነው። ወዳ ገብታለች፤ የምትታለለው እናቲቱ ናት። በእኛ አገር ግን ብዙ ጊዜ የሚታለለው ወላጅ አይደለም፥ ሙሽራይቱ ናት። ወላጅማ አንዳንድ ጊዜ ልቡ እየጠረጠረ «ሲያገባ ይተወዋል» ብሎ ይድራል። የሰው ልጅ ለሌላው የሰው ልጅ መድኃኒት ሆና ትሰጣለች ማለት ነው፤ መድኃኒት መሆኗን ግን ማንም አይነግራትም።

ኦሪት ዘፍጥረት 29ኛው ምዕራፍ እንዲህ ያለ ሠርግ ተጽፎልናል። ያዕቆብ ራሔልን ወድዶ ሰባት ዓመት ተገዛ። በሠርጉ ሌሊት ላባ ልያን ሸፍኖ አገባለት፤ ሲነጋም ልያ ሆና ተገኘች። ይህን ታሪክ በፊልም ቢያሳዩት ተመልካቹ ይሥቅ ነበር። ነገር ግን አስተውሉ፤ አታላዩ ላባ ነው፥ የተታለለው ያዕቆብ ነው፥ ዋጋውን የከፈለችው ግን ልያ ናት። ላባ ሲጠየቅ ምን አለ? የአገራችን ልማድ ነው ብሎ መለሰ። ለሐሰት ሠርግ የሚሰጠው ምክንያት ከዚያ ጀምሮ እስከ ዛሬ ይኸው ነው። ልያ ግን ልጅ በወለደች ቍጥር ስሙን የባሏን ልብ በመመኘት ትሰይም ነበር፤ ሮቤልን ስትወልድ አሁን ይወደኛል አለች፥ ስምዖንን ስትወልድ መጠላቷን እግዚአብሔር እንደ ሰማ ተናገረች፥ ሌዊን ስትወልድ አሁንስ ከእኔ ጋር ይተባበራል ብላ ተስፋ አደረገች። ሦስት ልጆች፥ ሦስት ልመናዎች ናቸው። እግዚአብሔርም የልያን ማዘን አይቶ ክብሯን ከፍ አደረገ፤ ከአራተኛው ልጇ ከይሁዳ ዘር ጌታችን በሥጋ ተወለደ። እግዚአብሔር በሐሰት ሠርግ ከተጎዳችው ሴት ጋር መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

በንስሐ አባትነት ብዙ ዘመን አገልግለናል፤ የማንንም ምስጢር ሳናወጣ፥ ከብዙዎች የሰማነውን አንድ አድርገን እንናገር። እንዲህ ያለች ሚስት ባሏ አይሰድባትም፥ አይመታትም፥ ገንዘቡንም አይከለክላትም። ስለዚህ ለሽማግሌ የምታቀርበው ክስ የላትም። ነገር ግን አይቀርባትም። እርስዋም «ምን ጎደለኝ? መልኬ ነው? ጠረኔ ነው?» እያለች መስታወት ስትጠይቅ ዘመኗ ያልቃል። ዘመዶቿ «ዕድለኛ ነሽ፥ ጨዋ ባል አገኘሽ» ሲሏት አንገቷን ትደፋለች። እርሱም ከእርስዋ ያነሰ አይሰቃይም፤ ቤቱ መታሰሪያው ይሆናል። ከዚያም ሸክሙን ለመርሳት መጠጥ ይጀምራል፥ ወይም በድብቅ ሌላ ኑሮ ይኖራል። ኮሜዲው ይህን አያሳይም፤ ሁለት ሰዓት ሲሞላ ያልቃልና። ትዳር ግን ሁለት ሰዓት ሲሞላ አያልቅም።

እንግዲህ ቤተ ክርስቲያን ስለ ጋብቻ ምን ትላለች? ጋብቻ ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱ ነው፤ ወንድና ሴት በፈቃዳቸው አንድ ሥጋ የሚሆኑበት ነው። ፍትሐ ነገሥት በ24ኛው አንቀጹ ስለ ጋብቻ ሲደነግግ የሁለቱን ፈቃድ ይሻል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎች ነጻና ሙሉ ፈቃድ ብቻ እንደሚመሠረት ደንግጓል። በአፋር ወገኖቻችን ዘንድ አብሱማ የሚባል፥ ከአክስት ልጅ ጋር የሚያጋባ የቈየ ሥርዓት አለ፤ በደጋው ደግሞ በአማላጅ ሽማግሌ የሚደረግ ማጨት አለ። ሁለቱም ዘመድን ከዘመድ ያስተሳስራሉ፤ ማንም በንቀት ሊያያቸው አይገባም። ነገር ግን የደጋውም ሆነ የቆላው ልማድ አንድ ፈተና አለበት፤ ሁለቱ ልጆች ምን እንደሚያስቡ በእውነት ተጠይቀዋልን? ፈቃድ ማለት «እሺ» የሚል ቃል ብቻ አይደለም። ያልተነገረውን ነገር የማያውቅ ሰው ፈቃዱን ሰጠ አይባልም። የተሸሸገባት ሙሽራ «እሺ» ያለችው ለሌላ ሰው ነው፤ ያ ሰው ግን የለም።

አንዳንድ አንባብያን «ከሁሉ የሚከፋውን ነገር ለምን አልፋችሁት ሄዳችሁ? በፊልሙ ስላሉት ወንድና ወንድ፥ ሴትና ሴት ስለሚያደርጉት ፍቅር ምን ትላላችሁ?» ይሉናል። አላለፍነውም። ቤተ ክርስቲያናችን የምትባርከው ጋብቻ የወንድና የሴት ነው፤ ይህን ትምህርት የመለወጥ ሥልጣን የለንም፥ አንለውጠውምም። የአገሪቱም የወንጀል ሕግ፥ በ1996 ዓ.ም. የወጣው፥ በአንቀጽ 629 ግብሩን ይከለክላል። ይህን የማያውቅ ሰው የለምና ብዙ ቃል አንጨምርበትም። ብዙ ቃል የሚያስፈልገው እኛ፥ «ጻድቃን ነን» የምንለው፥ ስለምናደርገው ነገር ነው።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት በ1ኛው ምዕራፍ ስለዚህ ነገር መናገሩን ብዙዎች ይጠቅሳሉ፤ ንባቡን ግን እዚያ ያቆማሉ። በ2ኛው ምዕራፍ የመጀመሪያ ቃል ጣቱን የሚመልሰው በሌላው ወደሚፈርደው ሰው ነው። የመጀመሪያውን ምዕራፍ እያነበበ «ይህ ስለ ሌሎች ነው» ሲል የቈየውን ሁሉ፥ ሐዋርያው በሁለተኛው በር ገብቶ ያዘው። ሰዶምም የተጠቀሰችበት ስፍራ ዘፍጥረት 19 ብቻ አይደለም። በዚያ የተጻፈው፥ የከተማው ሰዎች በሌሊት ተሰብስበው በሎጥ ቤት ባደሩ እንግዶች ላይ ግፍ ሊፈጽሙ በሩን ሊሰብሩ መምጣታቸው ነው። ነቢዩ ሕዝቅኤልም በ16ኛው ምዕራፍ በ49ኛው ቍጥር የሰዶምን በደል ሲቈጥር ትዕቢትን፥ እንጀራን መጥገብን፥ ድኻውንና ችግረኛውን አለመርዳትን አስቀድሞ ይጠራል። እንግዲህ ዱላ ይዞ በሌሊት የሰው በር የሚያንኳኳ ሕዝብ «ሰዶምን እቃወማለሁ» ቢል፥ በመጽሐፉ ታሪክ ውስጥ የቆመው በየትኛው ወገን እንደ ሆነ ራሱን ይጠይቅ።

ስለ ፌዝም እንናገር። ድምፁ የቀጠነውን፥ አካሄዱ የለሰለሰውን ልጅ በትምህርት ቤት፥ በሰፈር፥ በቤተ ዘመድ መካከል «ሴታ ሴት» ብሎ መሣቂያ ማድረግ የተለመደ ሆኗል። ይህ ልጅ ምን እንደ ሆነ ማንም አያውቅም፤ ብዙ ጊዜ ተፈጥሮው እንዲሁ የሆነ ልጅ ነው። ሳቁ ግን እስከ አጥንቱ ይገባል። ከቤቱ ይሸሻል፥ ከቤተ ክርስቲያን ይርቃል፥ አንዳንዱም ሕይወቱን ይጠላል። በምንዝር የተያዘችውን ሴት ወደ ጌታ ባመጡ ጊዜ፥ ጌታ ኃጢአቷን መልካም ነው አላላትም። ድንጋይ የያዙትን ግን አስቀድሞ በተናቸው፤ ከዚያ በኋላ ብቻውን ሆኖ አነጋገራት። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፤ ድንጋዩ ሳይጣል ምክር አይሰማም።

ሌላም የምንፈራው ነገር አለ። በአገራችን ሁለት ወንዶች ወዳጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው፥ ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፈው መሄድ የቈየ የወዳጅነት ምልክት ነው። በአፋር ምድርም በደጋውም ይህን እናያለን። ዛሬ ግን ከፊልሙ የተማሩ አንዳንድ ወጣቶች ይህን ሲያዩ መጠቋቈም ጀምረዋል፤ ጓደኛሞቹም አፍረው እጃቸውን ይለቃሉ። ዳዊትና ዮናታን በመሐላ የተሳሰሩ ወዳጆች ነበሩ። ቅዱስ ባስልዮስና ቅዱስ ጎርጎርዮስ በአቴና ትምህርት ቤት አንድ ቤት አድረው አንድ መንገድ ሄደዋል። በጥርጣሬ ምክንያት ንጹሕ ወዳጅነትን ብናጣ፥ ጉዳቱ ከፊልሙ የመጣ ሳይሆን ከእኛ ዐይን የመጣ ነው። ወዳጅ ያለው ሰው ምስጢሩን የሚያካፍለው ያገኛል፤ ወዳጅ ያጣ ሰው ግን ምክርን ከማያውቃቸው ሰዎች በስልኩ ይፈልጋል።

እንግዲህ ለሚገባቸው ሁሉ በየተራ ጥቂት ምክር እናቀርባለን።

ለወላጆች፤ ልጃችሁን «ሳልሞት አግባልኝ» ብላችሁ በሞታችሁ አታስፈራሩት። የልጅ ልጅ መመኘት በደል አይደለም፤ ምኞታችሁን ለማትረፍ የሌላ ሰው ልጅን ወደ ጨለማ ማስገባት ግን በደል ነው። ልጃችሁ ለማግባት ካልፈለገ፥ ከመቈጣታችሁ በፊት ጠይቁት፤ ከመጠየቃችሁም በፊት ቢመልስ እንደማታባርሩት አስታውቁት። ከቤት የተባረረ ልጅ የሚያድርበትን እናንተ አትመርጡለትም።

ለካህናት ወንድሞቻችን፤ ተክሊል ከማድረሳችን በፊት ሁለቱን ለየብቻ እናነጋግር። የድግሱ ቀን ተቈርጧል፥ ከብቱ ታርዷል ብለን አንቻኰል። ለድግስ የታረደ በሬ አንድ ጊዜ ሞተ፤ በሐሰት የተጋቡ ሰዎች ግን በየቀኑ ይሞታሉ። በንስሐ የሰማነውንም ምስጢር በቃል ቀርቶ በፊታችን እንኳ አናሳይ። አንድ ካህን የአንድ ወጣት ምስጢር ሲያወጣ፥ መቶ ወጣቶች ዳግመኛ ወደ ንስሐ አባት እንዳይመጡ በሩን ይዘጋል።

ለወጣቶች፤ ፊልም ስታዩ እንደ ሽማግሌው ጠይቁ። «ሙሽራይቱ ታውቃለችን?» በሉ። በፍቅር ታሪክ ሁሉ የማታውቅ አንዲት ሙሽራ፥ የማያውቅ አንድ ሙሽራ እንዳለ መርምሩ። ስትሥቁም ከእናንተ ጋር ተቀምጦ የማይሥቀውን ሰው አስተውሉ። ሊፈረድበት አይፈልግም፤ ምናልባት የሚሰማው ሰው ብቻ ይፈልግ ይሆናል።

አሁን ያን ወጣት የመለስንለትን እንናገር። «ልጄ፥ ለወላጅህ ደስታ ብለህ የምትሰጠው ገንዘብህን፥ ጉልበትህንና ጊዜህን ነው። የሌላን ሴት ዕድሜ ግን ለወላጅህ ልትሰጥ አትችልም፤ ያንተ አይደለምና። ልብህ ወደ ትዳር ካልሄደ ለመሸሸጊያ ብለህ አታግባ። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል 19ኛው ምዕራፍ፥ ጋብቻ ለሁሉ እንዳልተሰጠ ተናግሯል፤ ሐዋርያው ጳውሎስም ሳያገቡ በንጽሕና መኖርን አመስግኗል። ያላገባ ሰው ያልተፈጸመ ሰው አይደለም። ምንኵስናም ቢሆን በፈቃድ የሚገቡበት ጎዳና ነው፥ ከሰው ዐይን የሚሸሸጉበት ዋሻ አይደለም፤ ስለዚህ ወደዚያም አትቸኵል። ለማግባት ከወደድህ ግን፥ ሠርጉ ሳይቈረጥ፥ ልብህን ለምታገባት ሴት ግለጥላት። አውቃ እምቢ ብትልህ ነጻ አወጣችህ፤ አውቃ እሺ ብትልህም በእውነት ላይ ቆማችኋል። የሚከብድህን ነገር ለአንድ ታማኝ ንስሐ አባት ንገር፤ ብቻህን አትሸከመው» አልነው።

እርሱም «እናቴስ ብታዝን?» አለን። «ታዝናለች» አልነው። «ነገር ግን የእናት ኀዘን ከጊዜ ጋር ያልፋል፤ በየሌሊቱ ከአጠገብህ ተኝታ የምታለቅስ ሴት እንባ ግን አያልፍም። እናትህን እኛ እናነጋግራታለን፤ ፈቃድህ ከሆነ» ብለን ተለያየን። በማግሥቱ ከመሄዳችን በፊት መጥቶ «አባታችን፥ ስልክ ቍጥርዎን ይስጡኝ፤ ለእናቴ እሰጣታለሁ» አለን። ሰጠነው። ከዚያ ወዲህ ስልካችን በማናውቀው ቍጥር በጠራ ጊዜ ሁሉ፥ እርስዋ ትሆናለች እያልን እናነሣለን።

የእውነት አምላክ እግዚአብሔር በሐሰት የተሠሩ ሠርጎችን ይፍታ፥ በእውነት የሚቆሙ ትዳሮችን ያጽና፤ የልያን ማዘን ያየ አምላክ ዛሬም የማያውቁትን ሙሽሮች ሁሉ ይጠብቅ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።